ወንድሜ «ሄፓታይተስ ሲ ፖዘቲቭ ነህ» ተባለ፤ እንዴት ይተላለፋል? ጉበትንስ ምን ያደርገዋል?

መላ_ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁም። ታላቅ ወንድሜ ደም ሊለግስ ሄዶ ነበር። ከዚያ ደውለው ጠሩትና «የሄፓታይተስ ሲ ምርመራህ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሐኪም ዘንድ ሂድ» አሉት። ከዚህ በላይ ያስረዳው ሰው የለም። እሱ ደግሞ አሞት የተኛበትን ቀን አላስታውስም፣ ጤነኛ ሰው ነው። አሁን የራሱን ብርጭቆ ለይቷል፣ ልጆቹን ማቀፍ ትቷል፣ ሚስቱም ፈርታለች። በምን በምን እንደሚተላለፍ፣ ሰውነቱ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ቀጥሎስ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ እፈልጋለሁ። ሙያው ያላችሁም ሆናችሁ በበሽታው ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ነርሷ
ከሁሉ በፊት ወንድምህ ልጆቹን ይቀፍ። ዛሬውኑ። ይሳማቸው፣ አብሯቸው ይብላ፣ በፈለገው ብርጭቆ ይጠጣ። ሄፓታይተስ ሲ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ በመተቃቀፍ፣ በመሳሳም፣ በሳልና በማስነጠስ፣ በምግብ፣ በውሃ፣ በማንኪያ አይተላለፍም። በወባ ትንኝም አይተላለፍም።

መንገዱ ደም ነው። የታመመው ሰው ደም ወደ ሌላው ሰው ደም መግባት አለበት። ለዚህ ግን በዓይን የማይታይ ጠብታ ይበቃል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪም ቶሎ አይሞትም። በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ በክፍል ሙቀት ለሳምንታት ሰውን የመበከል አቅሙን ይዞ ቆይቷል። ያገለገለ መርፌ ውስጥ የቀረ ደም ደግሞ ይበልጥ ያቆየዋል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ መለየት ያለበት ነገር ጥቂት ነው። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫ። ስኳር የሚለካ ሰው ካለ ጣት መውጊያውንም ለብቻው ይያዝ። ብዙ ሰው «መርፌውን ቀይረነዋል» ብሎ መሣሪያውን ይዋዋሳል። ጣት ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው አፍ ግን ደም ይነካዋል፣ እዚያ ላይ ደም እንዳለ በዓይን አይታይም። ቁስል ሲኖር በፕላስተር ይሸፈን። ደም ከፈሰሰ በጓንት ተጠርጎ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጦ ማጽዳት ነው። ከዚህ ያለፈው መለያየት ሰውን ከመጉዳት በቀር የሚከላከለው ነገር የለም።

የላብ_ሰው
ነርሷ በደንብ ነግራሃለች። እኔ የምጨምረው ስለ ምርመራው ነው። ምክንያቱም «ፖዘቲቭ ነህ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ገና ግማሽ መልስ ነው።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተው ማለት ነው። አንቲቦዲ ተገኘ ማለት «ይህ ሰው በሆነ ጊዜ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቷል» ማለት ነው። ቫይረሱ ዛሬም አለ ወይስ የለም የሚለውን አይነግርህም። በቫይረሱ ከተያዙ 100 ሰዎች ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉት ያለ ምንም ሕክምና በ6 ወር ውስጥ ራሳቸው ያስወግዱታል። እነሱም ግን አንቲቦዲያቸው ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ ሁለተኛው ምርመራ ግድ ነው። የቫይረሱን አርኤንኤ፣ ማለትም የቫይረሱን የዘር ቅመም ራሱን፣ የሚፈልግ ነው፤ ፒሲአር ወይም ቫይራል ሎድ እያሉ ይጠሩታል። እሱ «አልተገኘም» ካለ ወንድምህ አሁን በሽታው የለበትም፣ ለማንም አያስተላልፍም። «ተገኘ» ካለ ሕክምና ይጀመራል።

እኔን በሥራዬ የሚያበሳጨኝ ሰዎች በመጀመሪያው ወረቀት ላይ መቆማቸው ነው። አንዱ ቫይረስ ሳይኖርበት በፍርሃት ይኖራል። ሌላው ቫይረሱ እያለበት «ምንም አላመመኝም» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይጥላል። ወንድምህ ሐኪም ዘንድ ሲገባ «የአርኤንኤ ምርመራ ይታዘዝልኝ» ይበል። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይሂድ።

መልካም_ቀን
ይኼ የወፍ በሽታ የሚባለው አይደለም እንዴ? ዓይኑ ቢጫ ካልሆነ ምኑ ነው ታዲያ በሽታው?

ነርሷ
@መልካም_ቀን ቢጫ መሆን ጉበት ሲጎዳ ወይም የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ የሚታይ ምልክት ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ኢ የሚባሉት ሄፓታይተሶችም ያመጡታል። በሲ የተያዙ ሰዎች ግን ከ10 ወደ 8ቱ መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይባቸውም። የሚታይባቸውም ከ2 ሳምንት እስከ 6 ወር ቆይቶ ትንሽ ትኩሳት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሽንት መጥቆር ሊኖር ይችላል። ያ ሲያልፍ «ጉንፋን ነበር» ብለው ይረሱታል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ዓመት ያልፈዋል።

ጉበት_ሐኪም
ወንድምህ «አሞኝ አያውቅም» ማለቱ የሚያስገርም አይደለም። ጉበት ውስጡ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። ሕመም የሚሰማው ላዩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። እሱም የሚሰማው ጉበቱ አብጦ ሲወጥረው ነው። ውስጥ ውስጡን ለ20 ዓመት ሲጎዳ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል።

ቫይረሱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የጉበት ህዋስ ውስጥ ይገባና ይባዛል። አንድ ሰው ሰውነት ውስጥ በቀን እስከ አንድ ትሪሊዮን የሚደርሱ አዳዲስ ቫይረሶች እንደሚመረቱ ተሰልቷል። የሚገርመው ግን ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ቫይረሱ ራሱ አይደለም። የሰውነታችን መከላከያ የተበከሉትን ህዋሳት ፈልጎ ሲያጠቃ ጉበት ይቆጣል። ቁጣው ሳይበርድ ዓመታት ይቆጠራሉ።

ጉበት ውስጥ በጸጥታው ጊዜ ቫይታሚን ኤ ይዘው የሚቀመጡ ትንንሽ ህዋሳት አሉ። ጉበቱ ሲቆጣ ቫይታሚናቸውን ይጥሉና ኮላጅን የሚባል ክር መሥራት ይጀምራሉ። ጠባሳው እንዲህ ይፈጠራል። ጠባሳው ትንሽ በትንሽ ይረዝማል፣ እርስ በእርሱ ይገናኛል፣ የጤነኛውን ሥጋ ቦታ ይወስዳል። መጨረሻው ሲሮሲስ ነው፤ ጉበቱ ጠጥሮና ጎርበጥባጣ ሆኖ። ቫይረሱ ከተቀመጠባቸው ሰዎች ከ100 ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ እዚህ ሊደርሱ ይችላሉ። አልኮል ያፈጥነዋል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና የጉበት ስብም እንዲሁ።

ሲሮሲስ ከመጣ በኋላ ያለው ችግር ብዙው የደም መተላለፊያ ችግር ነው። ከአንጀት የሚመጣው ደም በሙሉ በጉበት ማለፍ አለበት። ጠጣሩ ጉበት አላሳልፍ ሲለው፣ ወንዝ ሲገደብ እንደሚሆነው ደሙ ወደ ኋላ ይተኛል። ጣፊያ ያብጣል፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ይቀንሳል። ሆድ ውሃ ይቋጥራል። የምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ ሲፈነዱም ሰው ድንገት ደም ያስታውካል። ጉበት ማጣራት የነበረበት መርዝ ደግሞ አንጎል ይደርሳል። ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ነገር ይጠፋበታል። ቤተሰብ ይህንን እንደ እርጅና ወይም እንደ ብስጭት ቆጥሮ ሲያልፈው አያለሁ። የጉበት ካንሰርም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሲሮሲስ ባለበት ጉበት ላይ ነው።

መላ_ፈላጊ ሆይ፣ ይህንን የጻፍኩት ላስፈራህ አይደለም። መንገዱ ረጅም ስለሆነ መሃሉ ላይ ለማቆም ጊዜ አለ ለማለት ነው።

ከእሱ_የዳንኩ
እኔ በዚህ በሽታ ያለፍኩ ነኝ። ሐኪሙ ያላነሳውን ልጨምር። በሽታው ጉበት ላይ ብቻ አይቆምም። እኔን ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ እግሬ ነው። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጡብኝ ነበር። ስጫናቸው አይጠፉም። ብዙ በቆምኩ ቀን ይብሳሉ፣ ሲድኑ ቆዳዬን ቡናማ አድርገው ይሄዳሉ። የቆዳ ቅባት ነበር የምቀባው። በኋላ አንዲት ሐኪም እግሬን ዓይታ ወዲያው የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ አዘዘች። ነጠብጣቡ ክራዮግሎቡሊን የሚባል፣ ቫይረሱ ደም ውስጥ የሚያስከትለው ችግር እንደሆነ አስረዳችኝ። ይኼው ነገር ኩላሊትንና ነርቭንም ይጎዳል።

ድካሙ ሌላ ነው። እንቅልፍ ተኝቼ የማይለቅ ድካም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር።

ሕክምናው እንክብል ነው፣ በቀን አንዴ፣ 12 ሳምንት። እኔ ትንሽ ራስ ምታት ነበረኝ እንጂ ከሥራ አልቀረሁም። ካበቃሁ 12 ሳምንት በኋላ ተመርምሬ ቫይረሱ የለም ተባልኩ። አንቲቦዲዬ ግን አሁንም ፖዘቲቭ ነው። የላብ_ሰው ያለው ትክክል ነው፣ ለሚመረምረኝ ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ።

እናት_አያት
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። በወጣትነቴ ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ደም ተሰጥቶኝ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ይሆነዋል። አሁን ይህንን ሳነብ ነገሩ ከነከነኝ። ልመርመር?

የላብ_ሰው
እማማ፣ አዎ፣ ይመርመሩ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያኔ ደሙን መርምሮ መለየት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሃርቪ አልተር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ደም የተሰጣቸው ሰዎች የኤ ወይም የቢ ዓይነት ባልሆነ ሄፓታይተስ እንደሚያዙ አስተውሎ ነበር። ቫይረሱ ግን አልታወቀም ነበር። በ1989 ማይክል ሆውተንና ባልደረቦቹ ለዩት። ለጋሾችን መመርመር የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ከ1990 ጀምሮ ነው። አልተርና ሆውተን ከቻርልስ ራይስ ጋር በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት ደም የተሰጠው ሰው ሁሉ አንዴ መመርመር አለበት። የኩላሊት እጥበት ላይ የቆየም፣ በደንብ ባልተቀቀለ መሣሪያ የተወጋ፣ የተነቀሰ ወይም የተበሳም እንዲሁ። መርፌ ተጋርቶ አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ሰውም አንዴ ብቻ ቢሆን እንኳ ይመርመር፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

መርፌ ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ግብፅ ምስክር ናት። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቢልሃርዚያን ለማጥፋት በዘመቻ መርፌ ይሰጥ ነበር። መርፌዎቹ በደንብ ሳይቀቀሉ ከሰው ሰው ይዞሩ ስለነበር በቅን ልቦና የተጀመረ ዘመቻ ሄፓታይተስ ሲን በብዙ ሰው ውስጥ አሰራጨ። ያቺው ግብፅ በ2018 እና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎችን መረመረች፣ የተገኘባቸውንም አከመች። ይቻላል ማለት ነው።

ነርሷ
በመርፌ ጉዳይ አንድ ነገር፣ ስለማየው። ሰው «አዲስ መርፌ ነው የከፈቱልኝ» ብሎ ይረጋጋል። ጥሩ ነው፣ ግን ብልቃጡም ይታይ። ከአንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው መድኃኒት ሲቀዳ፣ አንዴ ሰው የነካ ሲሪንጅ መርፌው ብቻ ተቀይሮ ተመልሶ ከገባ ብልቃጡ ተበከለ። ከዚያ በኋላ በአዲስ መርፌ የሚወጋው ሰው ሁሉ ከዚያ ነው የሚወስደው። የምትወጉት ከየት እንደተቀዳ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም።

ስድስተኛ_ወር
እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አርኤንኤውም ተገኝቶብኛል። ልጄስ? ማጥባትስ እችላለሁ?

ጉበት_ሐኪም
እህቴ፣ አይዞሽ። እንዳንቺ ካሉ 100 እናቶች ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸው 6 ገደማ ናቸው። ኤችአይቪ አብሮ ካለ ቁጥሩ ይጨምራል። በቀዶ ሕክምና መውለድ ይህንን አይቀንሰውም፤ ስለዚህ ለዚህ ብቻ ተብሎ አይደረግም። ማጥባት ትችያለሽ። የጡትሽ ጫፍ ተሰንጥቆ ከደማ ብቻ እስኪድን ከዚያ ጡት አታጥቢ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይደረጋል። ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ልጅሽ ሲወለድ ያንቺን አንቲቦዲ ይዞ ነው የሚመጣው። እስከ 18 ወሩ በአንቲቦዲ ቢመረመር ያንቺን ነው የሚያሳየው፣ በዚያ አትደንግጪ። ቀድሞ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከ2 ወሩ ጀምሮ አርኤንኤው ሊታይ ይችላል። ቢገኝበትም ከ3 ዓመቱ ጀምሮ የሚሰጥ መድኃኒት አለ።

ስድስተኛ_ወር
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ዛሬ ገና እንቅልፍ ልተኛ ነው።

መላ_ፈላጊ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ለወንድሜ አነበብኩለት። ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው ስለ ሚስቱ ነው። ሁለተኛው አንድ ጓደኛው ጉበት ያጸዳል የሚባል የቅጠል መድኃኒት አምጥቶለታል፤ ምርመራው እስኪደርስ ልጠጣው ይላል።

ነርሷ
ለሚስቱ፦ በአንድ ለአንድ ተወስነው በሚኖሩ ባልና ሚስት መካከል በግንኙነት መተላለፉ በጣም አልፎ አልፎ ነው። አንዴ ትመርመርና ይለይላት። ደም በሚኖርበት ጊዜ ግን፣ በወር አበባ ወይም ቁስል ሲኖር፣ ኮንዶም ይጠቀሙ። ከሁለቱ አንዱ ኤችአይቪ ካለበትም ሁልጊዜ መጠቀም ይሻላል።

ጉበት_ሐኪም
ቅጠሉን አይጠጣ። በቁጣ አይደለም የምለው፣ ጓደኛው አስቦለት ነው። ነገር ግን ሰው የሚውጠው ነገር ሁሉ በጉበት ነው የሚያልፈው። ምን እንዳለበት ያልታወቀ ነገር የተቆጣ ጉበት ላይ ሲጨመር ጉበት በድንገት ሥራ አቁሞ ያየሁባቸው ሰዎች አሉ። ቫይረሱን የሚያጠፋ ቅጠል የለም። የሚያጠፋው እንክብል ግን አለ፣ ከ100 ከ95 በላዩን ያድናል። አልኮልም ከዛሬ ጀምሮ ይተው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አርኤንኤውን ብለናል። ሁለተኛ፣ ሄፓታይተስ ቢ ይመርመር። ቢ ተደብቆ ካለ የሲ ሕክምና ሲጀመር ሊነሳበት ስለሚችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከሌለበት ደግሞ የቢ ክትባት ይውሰድ፣ ለሲ ክትባት የለም። ሦስተኛ፣ ጠባሳው የት እንደደረሰ ይለካ። ዛሬ ለዚህ ጉበት በመርፌ መወጋት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ፋይብሮስካን በሚባል መሣሪያ ከላይ ይለካል፤ እሱ ከሌለ ከተራ የደም ምርመራ ውጤቶች ይሰላል። የሚወስደውንም መድኃኒት ሁሉ ይናገር። አሚዮዳሮን የሚባል የልብ መድኃኒት ከሲ መድኃኒቶች አንዱ ከሆነው ከሶፎስቡቪር ጋር ሲወሰድ የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያዘገይ ይችላል። አንዳንድ የሚጥል በሽታና የቲቢ መድኃኒቶች ደግሞ እንክብሉን ያዳክሙታል።

ተማሪው
እኔን የገረመኝ ይኼ ነው። ኤችአይቪ አይድንም፣ ሄፓታይተስ ቢም ሙሉ ለሙሉ አይጠፋም ይባላል። ሲ እንዴት በ12 ሳምንት ይድናል? ደግሞ እየዳነ ክትባት ለምን ጠፋለት?

የላብ_ሰው
ጥሩ ጠየቅህ። ኤችአይቪ ራሱን የህዋሳችን ዲኤንኤ ውስጥ ይሰፋል። ቢ ደግሞ የህዋሱ እምብርት (ኒውክለስ) ውስጥ የራሱን ዲኤንኤ ያስቀምጣል። መድኃኒት ሲቆም ከዚያ መደበቂያ ይወጣሉ። ሲ ግን ዲኤንኤ የለውም፣ ኒውክለስ ውስጥም አይገባም። ለመኖር ያለማቋረጥ መባዛት አለበት። መድኃኒቱ የሚባዛበትን መሣሪያ ሲይዝበት ያለው እያለቀ፣ አዲስ ሳይተካ ይሄዳል። የሚመለስበት ቦታ የለውም።

ክትባቱን ያስቸገረው ደግሞ የሚባዛበት መሣሪያ ስህተቱን የማያርም መሆኑ ነው። በየጊዜው መልኩን ይቀያይራል። መከላከያችን አንዱን ሲለየው ሌላ መልክ ይዞ ይቀርባል። የዳነ ሰው እንኳ እንደገና ሊያዝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከ2013 በፊት የነበረው ሕክምና ምን ይመስል እንደነበር ለማያውቁ፦ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ በየሳምንቱ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 48 ሳምንት። ትኩሳት፣ ድብርት፣ የደም ማነስ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚድነው ግማሽ ያህሉ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬም ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ከቫይረሱ ጋር ይኖራል፣ በ2022 ብቻ 242,000 ሰው ሞቷል። የሚያድን እንክብል እያለ ይህ ሁሉ ሰው መሞቱ ያንገበግበኛል።

ከእሱ_የዳንኩ
ኢንተርፌሮኑን የወሰዱ ሰዎች አውቃለሁ። እንክብሉ ከመጣ ወዲህ በመታመሜ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ለሐኪሙ። እኔ ስድን ጉበቴ ላይ ሲሮሲስ ነበር። በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ተነሳ ይሉኛል። ቫይረሱ ከሌለ ይኼ ለምንድን ነው?

ጉበት_ሐኪም
ቫይረሱ ቢጠፋም ጠባሳው ወዲያው አይጠፋም። ብዙ ሰው ላይ በዓመታት ውስጥ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ የካንሰር ዕድሉም በጣም ይቀንሳል። ዜሮ ግን አይሆንም። አልትራሳውንዱ የሚፈልገው ገና ትንሽ የሆነን እባጭ ነው፤ በዚያ ደረጃ ከተገኘ ተቆርጦ ወይም ተቃጥሎ ሊድን ይችላል። ምልክት እስኪሰጥ ከተጠበቀ አብዛኛውን ጊዜ ያ ዕድል ያልፋል። ስለዚህ ደህና ነኝ ብለህ ቀጠሮህን አትዝለል። ሲሮሲስ ላይ ሳይደርስ የዳነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ክትትል አያስፈልገውም። የመላ_ፈላጊ ወንድምም ጠባሳው አሁኑኑ ይለካ ያልኩት ለዚሁ ነው።